እራት የማትበላው የእሳት እራት

(ባሕር ዳር ላይ ለአንድ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ ተማሪዎችና ወላጆች ቅዳሜ ከሰዓት ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ።

ከገባሁ ጀምሮ ዓይናችሁ ባልዲው ላይ ነው። የጠረጠራችሁት ልክ ነው፤ ባልዲ ነው፣ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛ። አፉ ላይ የተደፋው ትልቅ የውሃ ላስቲክ ነው፤ አንገቱን ከነትከሻው በቢላ ቆርጬ ገለበጥኩት። ከላይ የተንጠለጠለው አምፖል ሐምራዊ ብርሃን ይሰጣል፤ ባለሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ዓይነት ነው። ውስጡ የእንቁላል ካርቶን አለ። ማታ ግቢዬ ውስጥ አበራዋለሁ። የእሳት እራቶች ይመጣሉ፣ በላስቲኩ አንገት ይወርዳሉ፣ የእንቁላል ካርቶኑ ጉድጓድ ውስጥ ተሸጉጠው ያድራሉ። ጠዋት ቆጥሬ፣ ጽፌ፣ እለቃቸዋለሁ።

"ለምን?" ትለኛለች እናቴ። ስትጠይቀኝ አራተኛ ዓመቷ ነው። በደንብ መልሼላት አላውቅም፤ ዛሬ እዚህ ተቀምጣለችና በእናንተ አሳብቤ ልመልስላት።

ሥራዬ የሒሳብ ሥራ ነው። ስለ ነፍሳት በክፍል የተማርኩት አሥረኛ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ከግቢዬ ነው። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም። ቁጥር በወቅቱና በቦታው መጻፍ የለመደ ሰው ለዚህ ጉዳይ ብዙ ሊጠቅም እንደሚችል ውዬ አድሬ ስለደረስኩበት ነው።

ነገሩ የተጀመረው መብራት በሄደበት አንድ የሐምሌ ሌሊት ነው። ሻማ ለኩሰን ቁጭ እንዳልን፣ መዳፌን የምታህል የእሳት እራት በመስኮት ገብታ ሻማውን ትዞረው ጀመር። እናቴ "ተያት፣ ስሟ ያዘዘውን ልትፈጽም ነው የመጣችው" አለች። ሻማውን እፍ አልኩት። ጠዋት መጋረጃው ላይ አገኘኋት፤ ክንፎቿ ላይ ዓይን የመሰሉ ክቦች፣ አንቴናዋ እንደ ላባ የተበጠረ። "አንቴናዋ" አልኩ እንጂ ወንድ ነበር። ያ ሰፊ አንቴና የወንዱ ነው፤ የሴቷን ሽታ ከሩቅ የሚለቅምበት።

ሳተርኒዴ ከሚባል ቤተሰብ እንደሆነ ቆይቼ አነበብኩ። የዚህ ቤተሰብ አባላት ክንፍ ካወጡ በኋላ አፋቸው አይሠራም። በትልነት ዘመናቸው ያጠራቀሙትን ስብ እየጨረሱ ጥቂት ቀን ይበራሉ፣ ይራከባሉ፣ እንቁላል ይጥላሉ፣ ያልቃሉ። የጉሎ ቅጠል እየበላ ሐር የሚሰጠን፣ ኤሪ የሚሉት የሐር ትልም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። እንግዲህ አስቡት፦ የእሳት እራት ብለን የጠራናት ራሷ እራት አትበላም።

ስሙን ማሰብ ከጀመርኩ በኋላ መተው አቃተኝ። በዓለም ላይ ተለይተው ስም የወጣላቸው የእሳት እራት ዝርያዎች ወደ 160,000 ይጠጋሉ፤ ቢራቢሮዎች 18,000 ገደማ ናቸው። ለዚህ ሁሉ ሠራዊት አማርኛ የሰጠው ስም በአሟሟቱ ነው። ከዚያ የተረፉት ስሞች ደግሞ በጉዳታቸው ነው የወጡላቸው፦ ተምች፣ የአገዳ ቆርቁር፣ ብል። ገበሬ የማይጠቅመውንና የማይጎዳውን ነገር ስም ሲያወጣለት አይውልም፤ አልፈርድበትም። ግን ብልን ተመልከቱ። በርኖስ የሚበሳው ትሉ ነው እንጂ የምትበረዋ አይደለችም፤ ትሉም የሚወደው ሱፍና ጠጉር ነው፣ ንጹሕ የጥጥ ጋቢ ብዙም አይስበውም። እናቲቱ ደግሞ ብርሃን ትሸሻለች። ሳጥን ስትከፍቱ ሮጣ እጥፋት ውስጥ የምትገባው እሷ ናት። ባልዲዬ ውስጥ አንድም ቀን አግኝቻት አላውቅም። እሳት የማይበላት የእሳት እራት አለች ማለት ነው።

ሌሎቹስ ለምን ይመጣሉ? ድሮ የሚባለው ጨረቃ መስሏቸው መንገድ ሲስቱ ነው የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር ኮሚዩኒኬሽንስ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሌላ ነገር አሳየ። ተመራማሪዎቹ በፍጥነት በሚቀርጽ ካሜራ ለንደን በቤተ ሙከራ፣ ኮስታ ሪካ ደግሞ በሜዳ ቀረጿቸው። በራሪ ነፍሳት ጀርባቸውን ወደ ብርሃኑ ያዞራሉ። ሚሊዮን ዓመታት ሙሉ ሌሊት ከምድር ይልቅ ሰማዩ ነው ብሩህ የነበረው፤ ጀርባህን ለብርሃን ከሰጠህ ቀጥ ብለህ ትበራለህ። አምፖል ከጎን ሲበራ ግን ጀርባዋን ወደ አምፖሉ ስታዘነብል መንገዷ ይጎብጥና ክብ ይሆናል። ከአምፖሉ በላይ ካለፈች ተገልብጣ ትወድቃለች። ፍቅር አይደለም፣ ሞት ፍለጋም አይደለም። ላይና ታቹ ጠፍቶባት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የበረንዳ አምፖል ሥር ስትዞር ባየሁ ቁጥር አምፖሉን አጠፋለሁ፤ እናንተም ሳትፈልጉት የሚያድር መብራት ካለ አጥፉት። ማጥፋት ካልተቻለ ወደ ቢጫ ያደላ አምፖል ከነጩ ያነሰ ይስባል።

"ታዲያ አንቺ ሆን ብለሽ ለምን ታበሪባቸዋለሽ?" የሚል ጥያቄ ከኋላ ሰማሁ። ተገቢ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዞሩ እንዳያድሩ ነው ባልዲውና ካርቶኑ ያለው፤ ወርደው ያርፋሉ። በየሌሊቱም አላበራም፤ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ቅዳሜ ማታ ብቻ።

አሁን ወደ መዝገቡ እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ዋናው ነገር እዚህ ስለሆነ፣ ሥራዬም ስለሆነ።

መጀመሪያ የቸገረኝ ቀኑ ነው። ባልዲው ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ይበራል፣ እሑድ 12 ሰዓት ላይ ይጠፋል። በሌሊት 9 ሰዓት የገባችው የየትኛው ቀን ናት? በእንግሊዝ አገር መዝጋቢዎች የተስማሙት ወጥመዱ የተዘረጋበትን የምሽቱን ቀን ለመጻፍ ነው፤ ስምምነት ያስፈለጋቸው ቋንቋቸው ሁለቱን ቀን የሚያያይዝ ቃል ስላልሰጣቸው ይመስለኛል። እኛ አለን። "ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ" እንላለን፣ ነገሩ አለቀ። ደብተሬ ላይ እንደዚያ እጽፋለሁ።

ችግሩ ደብተሩን ወደ ኮምፒውተር ስገለብጥ ነው። አይናቹራሊስት የመሳሰሉት ዓለም አቀፍ የተፈጥሮ መዝገቦች የሚቀበሉት የፈረንጁን ቀን ነው። መስከረም 1 በሦስቱ ዘመናት ሴፕቴምበር 11 ላይ ይውላል፤ ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ ግን ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበራት 12 ላይ ይሆናል፣ ይህ የአንድ ቀን ሽግሽግ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ይዘልቃል። ስለዚህ በመጀመሪያ ዓመት የሠራሁት ቀመር በሌላ ዓመት በአንድ ቀን ሳተ። አንድ ቀን ምን ያህል ነው አትበሉ። ስድስት ወር ለሚጠጋ ጊዜ የተሳሳተ ቀን ማለት ነው፣ የጨረቃውም ነገር አብሮ ይዛባል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ከምሽቱ 2 ሰዓትን 2 ብሎ የላከ ሰው ለፈረንጁ የሌሊት 8 ሰዓት አደረገው። ሁለቱንም ጻፉ፣ የእኛንም የነሱንም።

የጨረቃው ነገር ምንድን ነው? ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሌሊት አምፖል ብዙም አይሠራም። ሰማዩ ራሱ ስለሚያበራ አምፖሌ ትንሽ ሆነ ማለት ነው እንጂ እራቶቹ አልጠፉም። ይህን ያልጻፈ ሰው በ15 ቀን ልዩነት ሁለት ቁጥር አይቶ "አለቁ" ሊል ይችላል። ንፋሱንም እጽፋለሁ፦ ከጣና የሚመጣ ንፋስ ያለበት ሌሊት ባልዲው ጾሙን ያድራል። ደመና ያረበበበት፣ ሞቅ ያለ፣ ቅጠል የማይነቃነቅበት ሌሊት ደግሞ ካርቶኑ ይሞላል።

መብራት ሲሄድስ? ተማሪዎች ትስቃላችሁ፤ ይህ ግን በእንግሊዞቹ መመሪያ ላይ ያላገኘሁት የራሴ ዓምድ ነው። ደብተሬ ላይ "መብራት" የሚል ዓምድ አለ፣ ስንት ሰዓት ሄደ፣ ስንት ሰዓት መጣ። መጀመሪያ የተቋረጠውን ሌሊት እሰርዘው ነበር። ኋላ በሶላር የሚሞላ ባትሪ ገዛሁና ሰፈሩ በሙሉ ጨልሞ የእኔ ባልዲ ብቻ የበራበት ሌሊት ሆነ። ጠዋት ካርቶኑን ሳነሳ የት ልቁጠራቸው? ያን ሌሊት ከተራ ቅዳሜ ጋር ማወዳደር አይቻልም፤ በአጠገቡ ምልክት ከሌለ መዝገቡን ያበላሻል። ስለዚህ ምልክት አለው።

ከሁሉ በላይ ግን ባዶ ሌሊት። ሒሳብ ላይ ባዶ ቦታ አይተውም፤ ሰረዝ ይሰመርበታል። ባዶ ከተተወ ኦዲተሩ "ምንም አልነበረም ወይስ ረሳሽው?" ይላል፣ ልክ ነው። ምንም ያልመጣበትን ሌሊት "0" ብላችሁ ጻፉ። ታኅሣሥ ላይ፣ ብርድ ባለበት፣ ሦስት ዜሮ ተከታትሎ ሲመጣ እጅ ያታክታል፤ እናቴም "ለዚህ ነው የተነሳሽው?" ትላለች። ሰኔ ላይ ያለው ቁጥር ትርጉም የሚያገኘው ግን ያ ዜሮ ስላለ ነው።

ይህ የእኔ ፈሊጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዝ አገር ሮተምስቴድ የሚባል ጥንታዊ የእርሻ ምርምር ጣቢያ አለ። እዚያ ዊሊያምስ የተባለ የነፍሳት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ በየሌሊቱ አንድ የመብራት ወጥመድ እያበራ ቆጠረ። ቁጥሩ ላይ አንድ እንግዳ ነገር ታየ፦ ጥቂት ዝርያዎች በብዛት ይመጣሉ፣ ከዝርያዎቹ ብዙዎቹ ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ብቻ። ፊሸር የተባለው ስመ ጥር የስታቲስቲክስ ሊቅ ለዚህ ቀመር ሠራለት፤ ከዊሊያምስና ከኮርቤት ጋር እ.ኤ.አ. በ1943 አወጡት፣ የዝርያ ብዛት የሚያጠኑ ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። የእኔ ደብተርም ያንኑ ይመስላል። ከፊት ያሉት አምስት ስድስት ስሞች ገጽ ሙሉ፤ ከኋላ ያሉት "1"፣ "1"፣ "1"። መጀመሪያ አጋማሹን በስህተት የጻፍኩት መስሎኝ ነበር። ቀመሩን ሳነብ ተነፈስኩ።

በዚያው አገር እንዲህ ያሉ ወጥመዶች በየቦታው በመብዛታቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 እስከ 2017 ባሉት 50 ዓመታት የትልልቆቹ የእሳት እራቶች ብዛት በ33 በመቶ መቀነሱን ማወቅ ችለዋል። ያንን ያሳወቃቸው አንድ ሊቅ በአንድ ክረምት አይደለም። ብዙው የተሰበሰበው በየጣቢያው፣ በየትምህርት ቤቱና በየግቢው በፈቃዳቸው አምፖል በሚያበሩ ሰዎች ነው። እኛ በሞቃት አገር፣ የሌሊታችን ርዝመት ክረምት ከበጋ እምብዛም በማይለያይበት፣ ዓመቱን ሙሉ መመዝገብ በምንችልበት ቦታ ነን።

ከግቢዬ ምን ይመጣል? ሽምብጥ ነው የምኖረው፣ ሐይቁ ሩቅ አይደለም። ሐይቁ የራሱ አመል አለው፦ አንዳንድ ሌሊት ከውሃው የምትነሳ የማትናከስ ትንኝ ካርቶኑን እንደ ጤፍ ትሞላዋለች፣ እሷን አራግፌ ነው ሌላውን የምፈልገው። ግንቦትና ሰኔ ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት፣ አሸን ነው። "እንደ አሸን ፈላ" ሲባል የሰማ ያላየ ሰው ያን ቀን ይምጣ። ጉርጦች ባልዲውን ከበው ቁጭ ይላሉ፣ ጥሪ እንደደረሰው እድርተኛ። የእሳት እራቶቹ የሚበዙት ከዚያ በኋላ፣ ቅጠሉ ሲለመልም ነው።

ከሁሉ የምወዳቸው ረጃጅም ክንፍ ያላቸው ፈጣኖቹ ናቸው፣ እንግሊዞች በጭልፊት የሰየሟቸው። አንዷ ሆዷ ላይ ሮዝና ጥቁር ቀለበት አላት፣ ምላሷ ከሰውነቷ ይረዝማል፣ ትሏ የስኳር ድንች ቅጠል ይበላል። በሳይንስ ስሟ አግሪየስ ኮንቮልቩሊ ናት። ስኳር ድንቼን ስለምትበላ አልተቀየምኳትም፤ ፓፓያዬ የእሷ ውለታ አለበት። ፓፓያ ወንድና ሴት ዛፍ እንዳለው ታውቃላችሁ፤ ወንዱ አያፈራም ተብሎ ሲቆረጥ ኖሯል። አበባው የሚያውደው ሲመሽ ነው፤ ኬንያ ላይ የተደረገ ጥናት ፓፓያን በዋናነት የሚያራክቡት እነዚህ የማታ በራሪዎች መሆናቸውን፣ እርሻው ከተፈጥሮ ቁጥቋጦ በራቀ ቁጥርም የሚመጡት እንደሚያንሱ አሳይቷል። ግቢ ሲመነጠርና የሐይቁ ዳር ሲጸዳ "አማረ" የምንል ሰዎች ይህን ብናስብበት ደስ ይለኛል።

ሌላዋ ጀርባዋ ላይ የራስ ቅል የሚመስል ምልክት አላት። የመጀመሪያዋን ሳነሳት እንደ አይጥ ጮኸችብኝ፣ ባልዲውን ጥዬ ነው የሮጥኩት። ጎረቤቴ እማማ በአጥር ላይ አንገታቸውን አውጥተው "ልጄ፣ ምን ነካሽ?" አሉ። አሳየኋቸው። አማተቡ። ከዚያ ግን ቀረብ ብለው "ይቺማ ቀፎ ውስጥ አይቻታለሁ" አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ይህቺ ቀፎ ገብታ ማር የምትሰርቅ ናት። እኔ ከመጽሐፍ ያገኘሁትን እሳቸው ከአባታቸው ቀፎ ያውቁታል። ያን ቀን ደብተሬ ላይ አዲስ ዓምድ ጨመርኩ፦ "ሰው ምን አለ"።

እማማ መጀመሪያ ስለዚህ ባልዲ ጥሩ ግምት አልነበራቸውም፤ ሐምራዊውን ብርሃን አይተው "ግሮሰሪ ከፈትሽ እንዴ?" ነበር ያሉኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ዶሮዎቻቸውም ይመጣሉ፣ እሱ ነው ችግሩ። እሑድ ጠዋት ከእኔ ቀድመው ባልዲው ጋ የሚደርሱ ዶሮዎች ናቸው። ስለዚህ የምለቃቸው አጥር ሥር፣ ቅጠል ጥቅጥቅ ባለበት፣ በየሳምንቱ ቦታ እየቀያየርኩ ነው።

ስለ ተምችም ሳልናገር አላልፍም፣ ከመካከላችሁ የገበሬ ልጆች አላችሁና። ነባሩ የአፍሪካ ተምች ሲሳሳ አረንጓዴ፣ ሲበዛ ጥቁር ይሆናል፤ እናቶቹ ከዝናቡ ንፋስ ጋር ይጓዛሉ። መጤው ተምች የአሜሪካ ነው፣ አፍሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016፣ እኛ ዘንድ በ2017 ታየ፣ በቆሎ ይወዳል። ትሉ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል፣ ጭራው አጠገብ በአራት ማዕዘን የቆሙ አራት ነጥቦች አሉት። እናቲቱን ከሌሎች ቡናማዎች መለየት ግን ከባድ ነው፤ ወንዱ ክንፉ ጫፍ ላይ ነጭ ምልክት ስላለው ይቀላል። የጠረጠራችሁትን ፎቶ አንስታችሁ ለግብርና ባለሙያ አሳዩ፤ በእኔ ባልዲ ብቻ ማንም መድኃኒት አይርጭ።

መቼም ሁሉም ጠላት አይደለም። ጣናን ያስጨነቀውን እንቦጭ በሌሎች አገሮች ለመቆጣጠር ከተለቀቁት ነፍሳት መካከል ከጥንዚዛዎቹ ጋር አንዲት የእሳት እራት አለች፤ ትሏ የቅጠሉን አገዳ ይቦረቡራል። ዝም ብሎ አምጥቶ መልቀቅ ግን አደገኛ ነው፣ ባለሙያ ዓመታት የሚፈትነው ነገር ነው።

መጀመር ለምትፈልጉ፦ ሐምራዊው አምፖል የግድ አያስፈልግም። ነጭ አንሶላ ገመድ ላይ ስቀሉ፣ ፊት ለፊቱ የቤት መብራት አብሩ፣ ከ1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተቀመጡ፣ አንሶላው ላይ ያረፈውን ፎቶ አንሱ። ከጎኑ ማስመሪያ አድርጉ፤ ያለ መጠን ፎቶ ዋጋው ግማሽ ነው። ሐምራዊውን አምፖል የምትገዙ ዓይናችሁን አፍጥጣችሁ አትዩት። ዝናብ ካለ የመብራቱን ገመድ ሸፍኑ፣ ካልሸፈናችሁ አታብሩ። ስሙን ካላወቃችሁ "ያልታወቀ 14" በሉት፤ የእኔ 14 ሁለት ዓመት ሙሉ 14 ነበረች። አንዳንዶቹን ጨርሶ በፎቶ መለየት አይቻልም። የራሳችሁን ስም ማውጣትም ትችላላችሁ፤ በስንዝር እየለካ የሚሄደውን ትል እናት እማማ "ልብስ ሰፊ" አሏት፣ እኔም ደብተሬ ላይ እንዲሁ ጻፍኳት። የሳይንሱ ስም ከጎኗ አለ።

ጊዜዬ አልቋል ተብያለሁ። ይህ ካርቶን ውስጥ ያለችው ትናንት ማታ የገባች ናት፤ ዛሬ ለእናንተ ስል በሳምንት አንዴ ያልኩትን ሕግ ጥሻለሁ፣ ደብተሬም ላይ ተጽፏል። ክንፏ ላይ ዓይን አላት፣ አፍ የላትም፣ ስለዚህ ምግብ አትስጧት። ካርቶኑ ከፊት ረድፍ ይጀምርና በተራ ይዞራል፤ በላስቲኩ በኩል ነው የምታዩዋት፣ ክዳኑን አትክፈቱ። ወንድ ይሁን ሴት አንቴናውን አይታችሁ ንገሩኝ። ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ሲጨልም፣ ከግቢው ዋርካ ሥር ይዘናት እንወጣለን፤ የመተላለፊያውን መብራት የሚያጠፋ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።